ከካርቶን ታክሲ እንዲወርድ ስለታዘዘው ትርፍ ተሳፋሪ

ለተከበሩ ወይዘሮ እጸገነት
የ«እፍኝ» የልጆች የእጅ ሥራ ሣጥን አቅራቢ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ትርፍ መሆኔን ስላሳወቁኝ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ ወይዘሮ እጸገነት፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ ይብዛ፤ ወገብዎን አይመምዎ፤ የሚቀመጡበት ወንበር ስፖንጁ አይስመጥ፣ ሽቦውም አይውጋዎ። ይህን የምመኝልዎ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ሶፋ አልባሽ ስለሆንኩ ሰው ደህና ነው የምለው ከነወንበሩ ደህና ሲሆን ነው። ቤተሰብዎ፣ ልጆች ካሉዎትም ልጆችዎ፣ እነሱንም ጠዋት በንጹሕ ልብስ ወስዶ ማታ አቆሽሾ የሚመልስ አጎት ካላቸው እሱም ጭምር፣ ሁሉም በያሉበት ደህና ይሁኑልኝ።

ስሜ ሚፍታህ ይማም ይባላል። የምሠራው ላንቻ ሲሆን ሥራዬ ያረጀ ሶፋ ፈትቶ እንደገና ማልበስ ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ይሁን እንጂ የድሮ ሶፋ ሠሪዎች ከስፖንጁ ሥር ጋዜጣ ይጎዘጉዙ ስለነበር፣ አንድ ሶፋ በፈታሁ ቁጥር አንድ ጋዜጣ አነባለሁ፤ በዚህም የተነሳ ስለ ዛሬው ዓለም የማውቀው ጥቂት ቢሆንም ስለ ቀድሞው ግን ደፍሮ የሚከራከረኝ የለም። ለባለሥልጣን አቤቱታ እንዴት እንደሚጻፍ የተማርኩትም ከእነዚያው ጋዜጦች ነው። ደብዳቤዬ የአሮጌ ስፖንጅ ሽታ ቢኖረው ምክንያቱ ይኸው ስለሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ብዕር ያስነሳችኝ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው የእህቴ ልጅ ኑሰይባ ናት። ለእርስዎ የደንበኛ ቁጥር ናት፤ ለእኔ ግን ምን እንደሆነች ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብኛል፤ ጊዜ እንደሌለዎት ባውቅም ጊዜ ለሌላቸው ሰዎች የሚያስብ ድርጅት ስለሚመሩ ይታገሡኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ፣ እህቴ ሲቲ፣ ባሏ ዓብዱልዋሂድና ልጃቸው ኑሰይባ ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ ነበርን። የእኔ መሥሪያ ቦታ የግቢው በር ላይ ስለነበር ኑሰይባ መዳህ የተማረችው በእኔ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ነው። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ግቢያችንም እንደ ተፈታ ሶፋ ሆነ፤ ስፖንጁ ወደዚህ፣ ሽቦው ወደዚያ። እህቴ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ተከራየች። እኔ ላንቻ አንዲት ጠባብ ክፍል አገኘሁ። የግቢያችን ታላቅ እትዬ ሸዋአየሁ ደግሞ ከተማው የሚያልቅበት ቦታ ቤት ደረሳቸው፤ ስንደውልላቸው ከእሳቸው በፊት ነፋሱ ነው ሃሎ የሚለን።

ከዚያ ሁሉ የተረፈችኝ ቅዳሜ ነበረች።

ቅዳሜ ጠዋት ጎተራ ሄጄ ኑሰይባን አመጣታለሁ። ከጎተራ ላንቻ በእግርም ይኬዳል፤ እኛ ግን ታክሲ እንይዝ ነበር፤ ጉዳያችን መድረስ ስላልነበረ አንዳንዴ ላንቻን አልፈን መስቀል አደባባይ ድረስ ሄደን እንመለሳለን። ታክሲው ሁልጊዜ ሞልቶ ነው የሚመጣው፤ ረዳቱም ሁልጊዜ ለሁለት ሰው ቦታ አለ ብሎ ይምላል። ኑሰይባን አንዲት እናት ጠጋ ብለው ያስቀምጧታል፤ እኔ ከሾፌሩ ጀርባ ባለችው ዱካ ላይ ጉልበቴን አቅፌ እቀመጣለሁ። እርስዎ በራስዎ መኪና የሚሄዱ ከሆነ ምናልባት አያውቁት ይሆናል እንጂ፣ እንዲህ ያለው ተሳፋሪ ትርፍ ይባላል። ወንበር የለውም፤ ግን ተጭኗል። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ብቅ ሲል ረዳቱ «ትርፍ፣ ዝቅ በል» ይላል፤ እኔም ጢሜ ጉልበቴን እስኪነካ ዝቅ እላለሁ። ኑሰይባ በሳቅ ትፈርሳለች። ትራፊኩን ካለፍን በኋላ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «ተነስ አጎቴ፣ አልፏል» የምትለኝ እሷ ናት። ረዳቱ እንኳ ይህን ሥልጣን ለእሷ ትቶላት ነበር።

ላንቻ ስንደርስ ያንኑ ታክሲ እንሠራለን። አካሉ የብስኩት ካርቶን፣ ጎማው ቆርኪ፣ ወንበሩ የቆዳ ቁርጥራጭ፣ የተሳፋሪዎቹ ራስ የሶፋ አዝራር ነው። ከፊት እናትና አባቷ ይቀመጣሉ። እትዬ ሸዋአየሁ ዘንቢላቸውን ታቅፈው መስኮት አጠገብ ይሆናሉ፤ ከሩቅ ስለሚመጡ ቀድመን ነው የምናሳፍራቸው። መጨረሻ ላይ ትርፉ ይገባል፤ ጎባጣው አዝራር እኔ ነኝ። ከዚያ ኑሰይባ በሩ ላይ ቆማ «ካዛንቺስ የሞላ፣ ካዛንቺስ የሞላ» እያለች ትጣራለች። ታክሲያችን ሌላ ቦታ ሄዶ አያውቅም። ማክሰኞ ሳይደርስም ይፈራርሳል፤ ስለዚህ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራ አናጣም ነበር።

እንግዲህ የድርጅትዎ ሣጥን የገባው በዚህ መሃል ነው። እህቴ ሲቲ ኢንሹራንስ ውስጥ የምትሠራ፣ ቅዳሜም ግማሽ ቀን የምትገባ፣ ማታ ደግሞ በስልኳ የቢሮውን ጣጣ ይዛ የምትመጣ ሴት ናት። ማስታወቂያዎን ያየችው ታክሲ ወረፋ ላይ ቆማ ነው። «ጊዜ ለሌለው ቤተሰብ፣ ሥራ ለሚወድ ልጅ» ይላል፤ ከሥሩም «ሁሉም በልክ፤ ትርፍ የለውም»። እኔን ጠርታ «ወንድሜ፣ አንተም እረፍ በቃ። ልጅቷም ጥፍሯ ውስጥ ማስቲሽ ይዛ ትምህርት ቤት መሄድ ሰልችቷታል» አለችኝ። እሷን ነው የሰለቻት ብዬ ስጠይቃት፣ «አይ፣ እኔን ነው የሰለቸኝ» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ውስጥ ያለውን ድካም ስላየሁት እሺ አልኩ። ስለዚህ በእህቴ ላይ አቤቱታ የለኝም። አቤቱታዬ፣ ወይም እርስዎን እንዳላስቀይም ምስጋናዬ፣ እንደሚከተለው በተራ ቁጥር ቀርቧል።

አንደኛ፦ ቤተሰባችን ጊዜ እንደሌለው ስለደረሱበት አመሰግናለሁ። በርግጥ በቤተሰቡ ውስጥ ከጊዜ በቀር ምንም የሌለው አንድ ሰው ነበር፤ ግን ማስታወቂያዎ ላይ እሱን የሚመለከት መስመር ስላልነበረ ሳያዩት ቢያልፉ አልፈርድብዎትም። ሣጥኑ በየወሩ ይመጣል፤ ውስጡ የየሳምንቱ ሥራ የታሸገባቸው ፖስታዎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ፖስታ ላይ «ቅዳሜ» ተብሎ በትልቁ ታትሟል። ሳምንቱን ሙሉ ቀን ሞልቶ ሳለ የመረጡት እሱን ነው። ከምርጫዎ ጀርባ ጥናት እንደሚኖር አልጠራጠርም፤ አጥኚዎቹ ላንቻ ድረስ ባለመምጣታቸው ብቻ አዝኛለሁ፤ ቢመጡ ሻይ እጋብዛቸው ነበር።

ሁለተኛ፦ መመሪያው የተጻፈበት አማርኛ ቤታችንን በሳቅ ስለሞላው ሳላመሰግን አላልፍም። «አባትን በነጠብጣቡ መስመር ላይ እጠፍ። እናትን ገልብጥ። ወንድምን ሙጫ ቀብተህ እስኪደርቅ ጠብቅ» ይላል። ዓብዱልዋሂድ መርካቶ ካለው ሱቁ ሲመለስ ራሱ ታጥፎ ስለሚገባ በአባት በኩል ችግር አልገጠመንም። እናትን መገልበጥን በተመለከተ ግን ሲቲን ከልጅነቷ ጀምሮ ስለማውቃት ማንም ባይሞክረው እመክራለሁ። መመሪያው «አንተ» እያለ ወንድ ልጅን ብቻ ማዘዙንም ኑሰይባ ታዝባ «እኔን አይደለም ያለው» በማለት አንዱን ፖስታ አልሠራም ብላ እንደነበር ለመረጃ ያህል እጠቅሳለሁ።

ሦስተኛ፦ ሁሉም በልክ ስለመሆኑ። ይህ እውነት ነው፤ እመሰክራለሁ። ካርቶኑ ተቆርጦ ነው የሚመጣው፤ ቀዳዳው ተበስቶ፣ ክሩ ተለክቶ፣ ሙጫውም ለአንድ ሥራ ብቻ በምትበቃ ቢልቃጥ። የሚያልቅ እንጂ የሚተርፍ የለም። የሚወጣው ሥራ ክዳኑ ላይ ካለው ሥዕል ጋር አንድ ነው፤ የጎረቤት ልጅ ከሠራችውም ጋር አንድ ነው። አይፈርስም። ማክሰኞ ይመጣል፣ ረቡዕ ይመጣል፣ መደርደሪያው ላይ ቆሞ ሰውን ያያል። እህቴ ቤት የቴሌቪዥኑ መደርደሪያ ላይ ሲደረደር ሳየው እኔ ባለሙያ ነኝና አደነቅኩ።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ሣጥኑ ዘገየና ኑሰይባ ከብዙ ጊዜ በኋላ ላንቻ መጣች። ከደስታዬ ብዛት ሁሉን ነገር ወለሉ ላይ ዘረገፍኩላት፤ ካርቶን፣ አዝራር፣ ቆርኪ፣ የአበባ ጨርቅ። መቀስ ሰጠኋት። መቀሱን ያዘች፤ ካርቶኑን ገልብጣ አየችው፤ እንደገና ገልብጣ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ «አጎቴ፣ መስመሩ የታለ?» አለችኝ።

ይህች ልጅ ቀድሞ መቀስ ከያዘች ሶፋ የሚያመጣ ደንበኛ ሱሪውን ይሰበስብ ነበር። የት ልቁረጥ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። «የፈለግሽበት ቁረጪ» አልኳት። «ከተሳሳትኩስ?» አለች። ትስቅ እንደሆነ እያየኋት «ከተሳሳትሽ መኪና መሆኑ ቀርቶ ጀልባ ይሆናል» አልኳት፤ ድሮ ይህ ያስቃት ነበር። አልሳቀችም። መቀሱን ይዛ ጠበቀች። በመጨረሻ የልብስ ጠመኔዬን አንስቼ መስመር አሰመርኩላት፤ ቆረጠችውም፤ አንድም ቦታ አልወጣችም። ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ቀጥ አድርጎ ለመቁረጥ የታገልኩ ሰው ነኝ፤ የዚያን ቀን ግን ቀጥ ያለ ነገር አይቼ ሆድ ባሰኝ።

አራተኛ፦ የታክሲው ጉዳይ። ለደብዳቤው መነሻ የሆነው ይህ ስለሆነ ወንበርዎ ላይ ተደላድለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

በክረምቱ መግቢያ የመጣው ሣጥን ክዳኑ ላይ «የእኔ ታክሲ» የሚል ጽሑፍና ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ነበረበት። ኑሰይባ ሣጥኑን እንዳየች መጀመሪያ ያደረገችው በእናቷ ስልክ ለእኔ መደወል ነው። «አጎቴ፣ የእኛን ታክሲ ላኩልን እኮ» አለችኝ። ድርጅትዎ የእኔ ያለውን እሷ የእኛ ማለቷን ልብ ይበሉልኝ። በዚያ ቀን ከደስታ የተነሳ የአንድ ደንበኛዬን ሶፋ ጨርቁን ገልብጬ አልብሼው እንደገና ፈትቼዋለሁ።

በሣጥኑ ውስጥ አራት ወንበርና አራት ሰው ተገኘ፦ አባት፣ እናት፣ ሴት ልጅና ወንድ ልጅ። ኑሰይባ ወንድም የላትም። ድርጅትዎ የሌላትን ወንድም ሰጣት፤ ያላትን አጎት ነሳት። ሲቲ እንደነገረችኝ ልጅቷ ወንድሙን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ «ይኼ ደግሞ ከየት መጣ?» ብትላት አባትሽን ጠይቂ አለቻት፤ ዓብዱልዋሂድም ከሥራ ሲገባ «አባዬ፣ ወንድሜ ከየት መጣ?» የሚለውን በሩ ላይ ሰምቶ ጫማውን ሳያወልቅ ቁጭ ብሏል። እስካሁን ድረስ ስለዚያ ቀን ሲነሳ ውሃ ይጠይቃል።

ልጅቷ ግን መላ አላጣችም። ሰዎቹ ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ የሣጥኑን ክዳን አንስታ ቀደደችው። በመቀስ አይደለም፤ በእጇና በጥርሷ ነው። መስመር አልጠየቀችም። ከክዳኑ አንድ ጎባጣ ሰውዬ አወጣች፤ ሱሪው ላይ ከድርጅትዎ ስም ግማሹ ቀርቶ «እፍ» ይላል። ጢሙን በእናቷ ኩል ሣለችለት። ሙጫው በልክ ስለሆነ አልቆ ነበርና ማስቲካዋን ከአፏ አውጥታ በሁለቱ ወንበሮች መሃል ለጠፈችው። ያ ሰውዬ እኔ ነኝ። ሲቲ ፎቶውን ስትልክልኝ ወዲያው ነው ራሴን ያወቅሁት፤ መታወቂያዬ ላይ ካለው ፎቶ ይልቅ ይመስለኛል።

መመሪያው ላይ፣ የሠራውን ታክሲ ፎቶ በቴሌግራም ለላከ ልጅ «ወርቃማ እጅ» የተባለ የምስክር ወረቀት እንደሚሰጥ ተጽፏል። ሲቲ ያንኑ ፎቶ ለድርጅትዎ ላከች። የመጣውን መልስ አንድም ፊደል ሳልጨምር እጠቅሰዋለሁ፤ «ውድ ደንበኛችን፣ የልጅዎ ሥራ በጣም ያምራል። ሆኖም ከናሙናው ውጭ የሆነ አንድ ትርፍ አካል ተገኝቶበታል። እባክዎ ትርፉን አውጥተው ፎቶውን በድጋሚ ይላኩ።»

ኑሰይባ ማንበብ የቻለችው በቅርቡ ስለሆነ የምታገኘውን ጽሑፍ ሁሉ ራሷ ካላነበበች አትለቅም። ይህንንም ፊደል ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ትርፍ የሚለው ላይ ስትደርስ ሳቋ መጣ፤ ቃሉን ታውቀዋለች። ደወለችልኝና «አጎቴ፣ አወቁብህ። ትርፍ አለ አሉ» አለችኝ። እኔም እየሳቅሁ «ታዲያ ዝቅ ልበላ» አልኳት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል ቆየሁ። ከዚያ ቀስ ብላ «ዝቅ በል አይደለም ያሉት። ውጣ ነው ያሉት» አለችኝ።

የተከበሩ ወይዘሮ፣ በዚህ ከተማ ብዙ ስም ወጥቶልኛል። ወረቀት ላይ የልማት ተነሺ ተብያለሁ፤ ተነስቻለሁም። ታክሲ ውስጥ ትርፍ ተብያለሁ፤ ዝቅም ብያለሁ። አንዱም አላሳዘነኝም፤ ረዳት ትርፍ ሲለኝ በክንዱ እየገፋ ቦታ እየፈለገልኝ ነውና። ቃሉን ከእርስዎ ዘንድ ስሰማው ግን ሥራ ፈትቼ ሳስብበት ሰነበትኩ። ነጋዴ ትርፍ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ረዳት ትርፍ ሲያገኝ ይጭናል። ቃሉ የመጣው ተረፈ ከሚለው ነው፤ ከጎርፍ የተረፈ፣ ከእሳት የተረፈ እንደምንለው። ካዛንቺስ ካለው ግቢያችን፣ ከዚያ ሁሉ ሰው፣ በየሳምንቱ በሯ ድረስ ለመምጣት ለኑሰይባ የተረፍኳት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ትርፍ መሆኔን አልክድም፤ ድርጅትዎ ከጻፈልን አማርኛ ሁሉ ይህችን ቃል ብቻ በትክክል ተጠቅሟል። የሳተው የሚያወጣውን ሰው እንጂ የቃሉን ፍቺ አይደለም።

በድጋሚ የተላከው ፎቶ ተቀባይነት አገኘ። የምስክር ወረቀቱም መጣ። እንኳን ደስ ያለሽ ለማለት ሙዝ ገዝቼ ጎተራ ወጣሁ። ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤ ጠርዙ ወርቃማ ነው፤ ስሟም በትክክል ተጽፏል፤ በዚህ በኩል ምንም ቅሬታ የለኝም። ታክሲውን ከመደርደሪያው አውርጄ በመስኮቱ አየሁ። አባት በቦታው ነው፤ እናት በቦታዋ፤ ልጅቷ በቦታዋ፤ ያ ወንድም የተባለውም ጎረምሳ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ንጹሕ ታክሲ ነው። ማንም ትራፊክ ቢያስቆመው የሚጽፍበት ነገር አያገኝም። በወንበሮቹ መሃል የማስቲካ ምልክት ብቻ ቀርቷል። እኔ የት እንደገባሁ አልጠየቅሁም፤ እንዲህ ያለው ነገር አይጠየቅም። «ቆንጆ ታክሲ ነው፤ ሰፊ ነው» አልኳት።

ሲቲ የቢሮ ስልክ መጥቶባት ወደ መኝታ ቤት ስትገባ ኑሰይባ ታክሲውን ከእጄ ወስዳ ገለበጠችው። ከወለሉ ሥር፣ በጎማዎቹ መሃል፣ በሆዴ ተኝቼ በማስቲካ ተለጥፌያለሁ። ጢሜ በመጠኑ ተፍቋል። «እፍ» የሚለው ግን አለ። ልጅቷ ጆሮዬ አጠገብ መጥታ፣ ሙዝ ሙዝ እየሸተተችኝ፣ በሹክሹክታ «አላወረድኩህም እኮ። በጣም ዝቅ አድርጌህ ነው» አለችኝ።

«ትራፊኩ እስኪያልፍ?» አልኳት።

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«መቼ ነው የሚያልፈው?»

ወደ ፍሪጁ አየች። ትከሻዬን መታ መታ ልታደርግ እጇን አንስታ መለሰችው። «እኔ እንጃ አጎቴ» አለችኝ፤ «በየወሩ እኮ ነው የሚመጡት።»

አምስተኛ፦ ይህ አቤቱታ ሳይሆን ልመና ነው። ሣጥኑ ይቅር አልልም። እህቴ ደክሟታል፤ ሣጥኑ ያሳርፋታል፤ እንደ እሷ የደከሙ ብዙ እናቶችና አባቶች በዚህ ከተማ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሶፋቸውን የማለብሰው እኔ ነኝና፤ ማታ ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ የሚወድቁበትን ጉድጓድ ስፖንጁ ላይ አይቼዋለሁ። የምለምንዎ ፖስታዎቹ ላይ «ቅዳሜ» የሚለው ቃል «ማክሰኞ» በሚለው እንዲተካልኝ ነው። ማክሰኞ የእኛ ታክሲዎች የሚፈርሱበት ቀን ስለሆነ ማንንም አይጎዳም። ማክሰኞ ከቅዳሜ በአንዲት ፊደል እንደሚበልጥ፣ ያችም ፊደል ከልክ ውጭ ሆና ትርፍ ልትባል እንደምትችል ይገባኛል። ለእሷም ቢሆን ቦታ የማይጠፋ መስሎኛል፤ ጠጋ ጠጋ ብለው ያሳፍሯት።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ወርቃማው ወረቀት፣ ለእህቴ ልጅ ስለ ሰጧት ወንድም፣ እኔንም ልኬን እንዳውቅ ስላደረጉኝ ምስጋናዬ በእፍኝ የሚሰፈር አይደለም። ሶፋዎ ቢያረጅ ላንቻ ብቅ ይበሉ፤ በልክ እሠራልዎታለሁ፤ የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ግን አልመልስም።

ከወለሉ ሥር ሆኜ ባርኔጣዬን እያነሳሁ፣ ጢሜ ጉልበቴን እስኪነካ ዝቅ ባለ አክብሮት፣

ሚፍታህ ይማም
ሶፋ አልባሽ፣ የኑሰይባ አጎት፣ ትርፍ
ላንቻ

ግልባጭ፦
ለእህቴ ለሲቲ፤ እንዳትቀየሚኝ፤ ሙዙን ብሉት እንዳይበላሽ
ለእትዬ ሸዋአየሁ፤ ነፋሱ ካሳለፈው
በጎተራና ላንቻ መስመር ለሚሠሩ ረዳቶች በሙሉ፤ ስለ ቀድሞው መስተንግዶ ከምስጋና ጋር

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ መመሪያዎ መጨረሻው ላይ «ሥራው ሲጠናቀቅ ባዶውን ሣጥን ይጣሉ» ይላል። ይቅርታ ያድርጉልን፣ አልጣልነውም፤ ከላኩልን ሁሉ የወደድነው እሱን ነው። ከክዳኑ እኔ ወጥቻለሁ፤ ኑሰይባ ትናንት በስልክ እንዳንሾካሾከችልኝ ደግሞ ከግርጌው እትዬ ሸዋአየሁ ከነዘንቢላቸው ወጥተው ከጎኔ ተለጥፈዋል፤ የቀረውም ካርቶን ለቀረው ግቢ ይበቃል ብላለች። መድረሻችንን ያውቁታል። ለጊዜው ሁላችንም ዝቅ ብለናል፤ እርስዎ አልፈው ሲሄዱ ግን ከሥር ሆነን ስለማይታየን፣ ቸርነትዎ ከፈቀደ፣ አንድ ጊዜ ክላክስ ያድርጉልን።